ዜማውን የምትሰሚው አንቺ ብቻ ነሽ

የአንባቢ ደብዳቤ

"የሕክምና መሣሪያዎችን የሚጠግንና መለዋወጫ የሚያቀርብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ከተሾምኩ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። 60 ሠራተኞች አሉን። ከሹመቱ በፊት እዚያው ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርቻለሁ። ከአምስት ወር በፊት ከክፍል ኃላፊዎች ጋር ሦስት ሳምንት ፈጅተን የድርጅቱን ራዕይ አዘጋጀን። 'አስተማማኝ፣ ጥራት ያለውና ደንበኛ ተኮር አገልግሎት በመስጠት በዘርፉ ተመራጭና ቀዳሚ ድርጅት ሆኖ መገኘት' ይላል። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቤ በስላይድ አቀረብኩ። ሰው አጨበጨበ። ፖስተር አሠርተን በየክፍሉ ሰቀልን።

ባለፈው ሳምንት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛችንን በጨዋታ መሃል 'ለመሆኑ ራዕያችን ምን ነበር?' አልኩት። ትንሽ አሰበና 'ጥራት የሚል አለበት መሰለኝ' አለኝ። ፖስተሩ ከጀርባው ተሰቅሏል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዉ ከደመወዙ ሌላ ምንም አይፈልግም ማለት ነው?

እኔ ይህን ሥራ የምሠራው ለገንዘብ ብቻ አይደለም። ቴክኒሻን ሳለሁ አንድ ሆስፒታል ስሄድ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ (ኢንኩቤተር) ሦስት ሳምንት ቆሞ አገኘሁ። የጎደለው በመዳፍ የሚያዝ አንድ የሙቀት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ እኛ ስቶር ውስጥ ነበር። ማንም አልላከውም። ያን ቀን ልረሳው አልቻልኩም። በእኛ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ነው የምፈልገው። ሰዉን እንዴት ላስረዳው? ሌላ ትልቅ ስብሰባ ልጥራ?

ሰሚ ያጣሁ"

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ቀልቤን የወሰደው የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። አንቺንም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። በሁለተኛው ንባብ ግን መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ኢንኩቤተሩን ቆሞ ያገኘሽበት ቦታ ላይ። እዚያ ስደርስ ምን ለማድረግ እንደምትፈልጊ ያለ ምንም ማብራሪያ ገባኝ። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሼ ፖስተሩ ላይ ያጻፋችሁትን አነበብኩ። አስተማማኝ። ጥራት ያለው። ደንበኛ ተኮር። ኢንኩቤተሩ እዚያ ውስጥ የለም። ሴንሰሩም የለም።

ስለዚህ ሌላ ነገር ከማለቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ይህን ታሪክ ለሠራተኞችሽ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ? ነገርኳቸው የሚል ነገር ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁም። ፊቴን አይተሽ ለማታውቂኝ ለእኔ በጥቂት መስመር ልብ የሚነካ ነገር ጻፍሽልኝ። ከጠዋት እስከ ማታ አብረውሽ ለሚውሉት ሰዎች ግን ስላይድ አሳየሻቸው።

ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም። ኃላፊነት ላይ ስንወጣ ቋንቋችንም አብሮ ይለወጣል። ቴክኒሻን ሳለን "ማሽኑ ቆሟል" እንል የነበረውን፣ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ "የአገልግሎት አሰጣጥ ክፍተት" እንለዋለን። ከበድ ያለ ቃል ካልተጠቀምን ሰው የሚንቀን ይመስለናል። ደግሞ ስድስት ሰባት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ሳምንት ሲነጋገር የሚሆነው ይታወቃል። የአንዱ ቃል ሲገባ የሌላውም ይገባል። ማንም እንዳይከፋው ሁሉም ይካተታል። በመጨረሻ የሚወጣው ጽሑፍ ማንንም አያስቀይምም፤ የማንንም ልብ ግን አይነካም። "ተመራጭና ቀዳሚ" የሚለውን እስቲ ልብ ብለሽ እዪው። ባንክ ቢለጥፈውም፣ ትምህርት ቤት ቢለጥፈውም፣ የጭነት ድርጅት ቢለጥፈውም ልክ ይሆናል። የእናንተ ብቻ የሆነ ነገር የለበትም።

አሁን አንድ ሙከራ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤልዛቤት ኒውተን የምትባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የሠራችው ነው። ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርጋ አስቀመጠቻቸው። አንዱ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይመርጥና ምቱን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል። አያንጎራጉርም፣ ቃል አይናገርም። ሌላው ሰምቶ ዘፈኑን ያውቃል ወይ ነው ጥያቄው። በጠቅላላው 120 ዘፈን ተመታ። ሰሚዎቹ ያወቁት ስንቱን ይመስልሻል? ሦስቱን ብቻ። መቺዎቹ ግን አስቀድመው ሲጠየቁ "ግማሹን ያውቁታል" ብለው ገምተው ነበር።

ለምን እንደዚያ ገመቱ? መቺው ጣቱን ባሳረፈ ቁጥር ጭንቅላቱ ውስጥ ዘፈኑ ሙሉ ሆኖ ይሰማዋል። ዜማው አለ፣ ግጥሙ አለ፣ መሣሪያው አለ። ሰሚው ጋ የሚደርሰው ግን ኳ፣ ኳኳ፣ ኳ ብቻ ነው። መቺው ይህን ማመን ያቅተዋል። "እንዴት ይህ ይጠፋሃል?" ብሎ ይናደዳል። አንዴ ዜማውን ካወቁት፣ ያላወቀ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት በጣም ከባድ ነው።

አንቺም የሆንሽው ይህንኑ ነው። "አስተማማኝ" ስትይ ኢንኩቤተሩ ይታይሻል። የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ የነርሷ ፊት፣ መዳፍሽ ላይ ያለው ሴንሰር ሁሉ በዚያች ቃል ውስጥ አለ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የሰማው ኳኳታውን ነው። "ጥራት የሚል አለበት መሰለኝ" ማለቱ እንዲያውም ደግ ነው፤ ከኳኳታው ውስጥ አንድ ቃል ይዞልሻል።

የጊዜውንም ነገር አስቢው። አንቺና ኃላፊዎቹ ሦስት ሳምንት ተጨቃጭቃችሁበታል። እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደገባ ታውቃላችሁ። ሠራተኛው ያገኘው የአንድ ስብሰባ ጊዜ ነው። ጆን ኮተር የተባሉ በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ያስተማሩ ፕሮፌሰር ይህን በቁጥር ለማስላት ሞክረዋል። በእሳቸው ግምት አንድ ሠራተኛ በሦስት ወር ውስጥ 2,300,000 ገደማ ቃልና ቁጥር ይደርሰዋል። ድርጅቶች አዲስ ራዕይ ሲያስተዋውቁ በተለምዶ የሚያደርጉት ደግሞ የ30 ደቂቃ ንግግር፣ የአንድ ሰዓት ስብሰባ፣ አንድ አጭር ጽሑፍና አንድ ማስታወሻ ነው። ሁሉም ሲደመር 13,400 ቃል ገደማ። ከጠቅላላው 0.58 በመቶ ማለት ነው። ቀሪው ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነው የዕለት ሥራ፣ ሪፖርት፣ ስልክና ወሬ ነው። የአንቺ ስብሰባ ከዚህ ሁሉ ጋር ነው የሚፎካከረው። እና ከአምስት ወር በኋላ አንድ ቃል መቅረቱ ይገርማል?

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄሽ ቀጥታ መልስ ልስጥሽ። ሌላ ትልቅ ስብሰባ አትጥሪ። ቢያንስ አሁን አትጥሪ። ያንኑ ምት ጠንከር አድርጎ መምታት ዘፈኑን አያሳውቅም።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሪው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊያየው የሚችል ነገር ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ መጀመሪያ ሲነሳ ብዙ ዓላማ ነበረው። ሳይንስን ማሳደግ፣ የበረራ ቴክኖሎጂን ማሻሻል፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ጥሩ ነገር ነው፤ ግን አንድም የሚታይ ነገር የለውም። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1961 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ኮንግረሱ ፊት ቆመው፣ አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ አሳርፎ በሰላም ወደ ምድር መመለስ አለብን አሉ። ጨረቃ። ሰው። ቀነ ገደብ። በሰላም መመለስ። ይህን ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1969 ሰው ጨረቃ ላይ አረፈ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ ንግግሩ ላይ ያቆማል። እኔ የምወደው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አንድሩ ካርተን የሚባል የአስተዳደር ተመራማሪ የናሳን የድሮ ሰነዶችና የሠራተኞቹን ቃል ሲመረምር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቱን አሳተመ። ያገኘው ነገር ምን መሰለሽ? ሕልሙ ትልቅ መሆኑ ብቻውን አልበቃም። ጨረቃና የአንድ ሠራተኛ የዕለት ሥራ በጣም ይራራቃሉ። መሃሉ ላይ መወጣጫ ያስፈልግ ነበር። መወጣጫዎቹ ስም ነበራቸው። ሜርኩሪ አንድ ሰው ምድርን እንዲዞር ማድረግ ነው። ጀሚኒ ሁለት መንኮራኩሮች ጠፈር ላይ እንዲገናኙና ሰዎች ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ማድረግ ነው። አፖሎ ጨረቃ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያገናኘው ሰው "እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ ይህ ለዚያ ይጠቅማል፤ ያ ደግሞ ጨረቃ ላይ ያደርሳል" ብሎ መቁጠር ይችል ነበር። ያ ቆጠራ ሲኖር ነው ሰው ሽቦ ማገናኘቱን ጨረቃ ላይ እንደመድረስ የሚያየው።

ይኸው ካርተን ከባልደረቦቹ ጋር ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጥናት፣ መሪዎች በአብዛኛው የሚያደርጉት ተቃራኒውን እንደሆነ አሳይቷል። የሚታይ ነገር ያንሳቸዋል፣ የእሴት ዝርዝር ይበዛባቸዋል። ጥሩ ውጤት የመጣው ግን የሚታየው ነገር ግልጽ ሲሆንና የእሴቶቹ ቁጥር ጥቂት ሲሆን ነው። የእናንተን ፖስተር በዚህ ዓይን እዪው።

ያንቺ ጨረቃ ምንድን ነው? ደብዳቤሽ ውስጥ ልትጽፊው ጫፍ ደርሰሽ ነበር። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጀምራለሁ፦ "እኛ ልንጠግነው የምንችል መሣሪያ በእኛ ምክንያት ከሁለት ቀን በላይ አይቆምም።" ቃሉን አስተካክይው፣ ያንቺ ነው። ሁለት ቀን የሚለውንም ዝም ብለሽ አትውሰጂው። ቴክኒሻኖቹን ጠይቂ። ከሩቅ ታዝዞ ሳምንታት የሚፈጅ መለዋወጫ ሊኖር ይችላል። የማይቻል ቁጥር ከለጠፍሽ በሁለተኛው ወር ሰው ይስቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ብትናገሪ አይያዝልሽም። አራት ቀን ከሆነ እውነቱ አራት በይ።

ይህ ዓረፍተ ነገር ከፖስተሩ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ሥራ ላይ ለመወሰን ይረዳል። ሁለት ጥሪ በአንድ ጊዜ ቢመጣ፣ አንዱ ትልቅ ደንበኛ ለመደበኛ ፍተሻ፣ ሌላው ትንሽ ክሊኒክ ብቸኛው ማሽኑ ቆሞበት፣ ቴክኒሻኑ የት ይሂድ? "ደንበኛ ተኮር" የሚለው መልስ የለውም፤ ሁለቱም ደንበኛ ናቸው። "በእኛ ምክንያት አይቆምም" የሚለው ግን መልስ አለው። አንቺ ስልክ ባታነሺም ቴክኒሻኑ የሚያደርገውን ያውቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ልምጣ። ይህን አዲስ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ብትወጪም፣ ተናግረሽው ብቻ ከተመለስሽ እንደገና ኳኳታ ነው። ሰው የራሱ የሚያደርገው፣ በገዛ አፉና በገዛ ሥራው ቋንቋ መልሶ ሲናገረው ነው።

የጦር ሠራዊት ውስጥ የቆየ አሠራር አለ። አዛዡ ትእዛዝ ሲሰጥ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚደረግም ይናገራል። ምክንያቱም ዕቅዱ መንገድ ላይ ሲበላሽ፣ ዓላማውን የሚያውቀው ወታደር የራሱን መላ መፍጠር ይችላል። ከዚያ የበታቹ በተራው ይናገራል፦ የገባኝ ይህ ነው፣ የማደርገውም ይህን ነው ይላል። ሐኪም ቤትም ተመሳሳይ ነገር አለ። ጥሩ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘ በኋላ "ገባህ?" ብሎ አይለቅም። ለዚያ ጥያቄ ሁሉም ሰው "አዎ" ነው የሚለው። ይልቁንም "በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ቤት ስትደርስ እንዴት እንደምትወስደው እስቲ ንገረኝ" ይላል። ልዩነቱን አየሽው? ፈተናው የሐኪሙ ሆነ። ታካሚው አላፈረም።

አንቺ የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ "ራዕያችን ምን ነበር?" ስትይው ፈተና ነው የሰጠሽው። ያውም አለቃው ነሽ። በጨዋታ መሃል መሆኑ አያቀለውም። እኔ ብሆንም ደንግጬ አንድ ቃል ነው የምወረውረው። ከአሁን በኋላ የራዕዩን ቃላት ማንንም አትጠይቂ። ይህን ጠይቂ፦ "አንድ ማሽን እንዳይቆም አንተ ከያዝከው ሥራ ውስጥ ዋናው የቱ ነው? የሚያደናቅፍህስ ምንድን ነው?"

ይህን በየክፍሉ በትንሽ በትንሹ አድርጊው። አምስት ስድስት ሰው፣ ግማሽ ሰዓት፣ ያለ ፕሮጀክተር። ታሪኩን ራስሽ ንገሪያቸው። እንደዚያ ያለ ሴንሰር አንድ ይዘሽ ግቢና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ጠይቂና ዝም በይ። ዝምታው ሊረዝም ይችላል። አንቺ ለመሙላት አትቸኩዪ።

የምትሰሚው መልስ ግን ደስ የሚል ብቻ አይሆንም፤ ለዚያ ተዘጋጂ። የግዢ ሠራተኛዋ "መለዋወጫው እንደሚያስፈልግ የማውቀው ካለቀ በኋላ ነው" ልትልሽ ትችላለች። ስልክ የምትቀበለው ልጅ "ሰው ደውሎ ሲጮህብኝ ለማን እንደማስተላልፍ አላውቅም" ትልሽ ይሆናል። ቴክኒሻኑ "የመኪና መውጫ ለማስፈረም ብቻ ግማሽ ቀን ይሄዳል" ይልሻል። ከፈራሚዎቹ አንዷ አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። እዚህ ላይ ነው ብዙ መሪ የሚወድቀው። ራዕይ ከላይ ወደ ታች የሚፈስ ነገር ይመስለዋልና፣ ከታች መልስ ሲመጣ እንደ እሮሮ ያየዋል። እሮሮ አይደለም። ሰዉ ራዕይሽን ስለሰማው ነው መሰናክሉን የሚያሳይሽ። ካልሰማው ምን አገባኝ ብሎ ዝም ይል ነበር።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ውይይት አንድ ነገር ይዘሽ ውጪና በዚያው ሳምንት አስተካክዪ። ትንሽም ቢሆን። የመኪና መውጫው ፊርማ ከሦስት ወደ አንድ ይውረድ። ያን ቀን ቴክኒሻኑ ከማንኛውም ስላይድ የበለጠ ይገባዋል።

ክፍል ኃላፊዎችሽን አልዘነጋኋቸውም። እንዲያውም በየክፍሉ ከመዞርሽ በፊት የምታነጋግሪው እነሱን ነው። ሦስት ሳምንት አብረውሽ ስለተቀመጡ የገባቸው ይመስልሻል። እያንዳንዳቸውን ለብቻ አግኝተሽ ያለ ወረቀት "ለክፍልህ ሰዎች እንዴት አድርገህ ትነግራቸዋለህ?" በያቸው። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ቢነግሩሽ አትደንግጪ። ያ ቢሮ ውስጥ ሲታወቅ ይሻላል፤ ሠራተኛው ጋ ከደረሰ በኋላ መታወቁ ይብሳል። ሠራተኛው በየቀኑ የሚያየው አንቺን ሳይሆን የቅርብ ኃላፊውን ነው። እሱ ከአንገት በላይ ከተናገረው ታች ሲደርስ ወሬ ብቻ ይሆናል።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ስምንት ሰዎች ያሉበት ትንሽ የጽሑፍ ክፍል እመራ ነበር። ለወራት የምለው አንድ ነገር ነበር፦ ያላረጋገጥነውን አናወጣም። ደጋግሜ ተናገርኩ። ልጆቹም ያዙት፤ እርስ በርሳቸው ይራረሙበት ነበር። አንድ ቀን ምሽት ሰዓት ደረሰብን። ከበላይ ስልክ እየተደወለ ነው። አንዷ ባልደረባዬ "ይህ ቁጥር አልተረጋገጠም" ብላ መጣች። እኔ ቀና ብዬ እንኳን ሳላያት "ዝም ብለሽ አውጪው" አልኳት። አወጣችው። ቁጥሩም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ እርስ በርስ መራረሙን ተዉ። ለወራት የተናገርኩትን በሦስት ቃል ነው የሻርኩት። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፣ በሁሉም ፊት። ቢሆንም የቀድሞውን ነገር ለመመለስ ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" የሚለውን አባባል ልጅ ሆኜ ስሰማው የተጋነነ ይመስለኝ ነበር።

አንቺ ቤትም ያ ቀን ይመጣል። ትልቁ ደንበኛ ደውሎ ቴክኒሻንሽን ከትንሹ ክሊኒክ አንስተሽ እንድትልኪለት ይጠይቅሻል። 60ውም ሰው በዚያ ሰዓት ምን እንደምትወስኚ ያያል። ጆሮውን አቁሞ የሚሰማሽ ያን ጊዜ ነው። የወር መጨረሻ ጉርሻውም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጥሪ የጨረሰ የሚሸለም ከሆነ፣ አንድ አስቸጋሪ ማሽን ላይ ሁለት ቀን የቆየው ቴክኒሻን ሞኝ ነው ማለት ነው። ማንን እንደምታመሰግኚ፣ ማንን እንደምታሳድጊ፣ ስብሰባ ላይ መጀመሪያ ስለ ምን እንደምትጠይቂ መርምሪ። እስከ ዛሬ የሰኞ ስብሰባችሁ የሚከፈተው በሽያጭ ቁጥር ከሆነ፣ የሠራተኛው ራዕይ ሽያጭ ነው፤ ፖስተሩ ምንም ቢል።

ፖስተሩን በተመለከተ ብዙ አልልም። በቦታው ነጭ ሰሌዳ ስቀሉ። ዛሬ የትኛው መሣሪያ እንደቆመ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ፣ ምን እንደጎደለው ይጻፍበት። ሰኞ ጠዋት አምስት ደቂቃ ሰሌዳው ፊት ቁሙ። በየሳምንቱ። አንቺን በጣም ይሰለችሻል፤ ገና ሦስተኛው ሳምንት ላይ "ሁሉም ያውቀዋል፣ ይብቃ" ትያለሽ። አታቁሚ። አንቺ በሰለቸሽ ሰዓት ገና አሁን መስማት የጀመረ ሰው አለ።

"ሰዉ ከደመወዙ ሌላ ምንም አይፈልግም?" ላልሽው ደግሞ፣ ይህ ጥያቄ ቅር አሰኝቶኛል። ሰው ደመወዙን ይፈልጋል። መፈለግም አለበት፤ ቤተሰብ አለው። ደመወዝ የሚዘገይ ወይም ኑሮን የማይችል ከሆነ በራዕይ ልትሸፍኚው አትሞክሪ፤ ያናድዳል፣ ተገቢም አይደለም። ግን ደመወዙን የሚፈልግ ሰው ሥራው ትርጉም እንዲኖረው አይፈልግም ያለው ማነው? አንቺም ዘጠኝ ዓመት በቴክኒሻንነት ስትሠሪ ደመወዝ እየወሰድሽ ነው ያ ኢንኩቤተር ያንገበገበሽ። ከአንቺ ጋር ከሠሩት ውስጥ እንደ አንቺ የሚያንገበግበው ነገር ያየ አንድም ሰው የለም ብለሽ ታምኛለሽ? እኔ አላምንም። አንጋፋዎቹን ጠይቂያቸው። ስንት ሥራ አስኪያጅ፣ ስንት መፈክር አይተው ጆሯቸውን የደፈኑትን። ያንቺን ታሪክ ከነገርሻቸው በኋላ የእነሱን ስሚ። አንዳንዱ ካንቺ ታሪክ የሚበልጥ ይሆናል። ያን ጊዜ ያንቺን ትተሽ የእሱን ተጠቀሚ፣ በስሙ፣ ፈቃዱን ጠይቀሽ። ትልቁን ስብሰባ የምትጠሪውም ያን ጊዜ ነው፤ ግን ንግግሩን የምታደርጊው አንቺ አትሁኚ። እነሱ ይናገሩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ እሱም ያስፈራኛል። ታሪክሽ ውስጥ ሴንሰሩ ስቶር ውስጥ ነበር። "ማንም አልላከውም" ብለሻል። ይህን በየክፍሉ ስትናገሪ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው ማንን ነው? የግምጃ ቤቱን ሠራተኛ ነው። ያን ጊዜ እሱ ይሁን ሌላ ሰው አላውቅም። ግን ታሪኩ በማንም ላይ ጣት የሚቀስር ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ራሱን ለመከላከል ይቀመጣል፤ ራዕይሽም እዚያው ያልቃል። ከሆስፒታሉ ጥሪውን የተቀበለው ሰው ለስቶር አልነገረም ይሆናል። አንቺም ራስሽ ቴክኒሻን ነበርሽ፤ ስቶር ውስጥ ምን እንዳለ የምታዪበት መንገድ አልነበረሽም ይሆናል። ስለዚህ "እኛ" እያልሽ ተናገሪው፣ አንቺንም ጨምረሽ። "ሴንሰሩ እኛ ጋ ነበር፣ እኛ አላወቅንም" በይ።

እና ከማንም በፊት፣ ከክፍል ኃላፊዎቹም በፊት፣ ወደ እሱ ሂጂ። ቢሮሽ አታስጠሪው፤ አንቺ ወደ ስቶር ውረጂ። ስለ ራዕይ አንድ ቃል አታንሺ። ታሪኩን ንገሪውና እንደዚያ ያለ ሴንሰር የት መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የዛሬው ሴንሰር ከስቶር ወጥቶ ማሽኑ ጋ እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ አብራችሁ ቁጠሩ። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።